ከአማቴ የወረስነው የቦሩጀርድ ሳሞቫር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ኢራናዊቷ አማቴ ለንደን ካለው ቤታችን መጥተው ሲጠቃለሉ ካስረከቡን የቤተሰብ ቅርሶች ሁሉ ዋጋ የምሰጠው ለከሰል ሳሞቫሩ፣ ማለትም በፍም ለሚሠራው ባለቧንቧ የሻይ ውሃ ማፍያ ነው። የተሠራው በምዕራብ ኢራን፣ በሎሬስታን በምትገኘው ቦሩጀርድ ሲሆን፣ ከተማዋ ቫርሾ በሚባለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ሥራ የታወቀች ናት። ባለቤቴ ለጌጥ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ፈልጎ ነበር፤ እኔና እናቱ ግን ሻይ ይፈላበት ብለን ጸናን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፍሙ መሐል ለመሐል በቆመው የጭስ ማውጫ ውስጥ ይነድዳል፣ ውሃው ደግሞ በዙሪያው ይሞቃል። ውሃው ከፈላ በኋላ የሻይ ቅጠል የያዘው ማንቆርቆሪያ አናቱ ላይ ይቀመጥና በዝግታ ይበስላል። አማቴ ወፍራሙን ሻይ ወገቡ ቀጠን ባለው ብርጭቆ ጥቂት ይቀዱና እንደ እንግዳው ፍላጎት ከቧንቧው በሚወርደው ሙቅ ውሃ ያቀጥኑታል፤ ስኳሩም ሻይ ውስጥ አይገባም፣ አንኳሩ በጥርስ ተይዞ ሻዩ በላዩ ይጠጣል። የኤሌክትሪክ ማፍያ ይፈጥናል፤ ሻይን ሳያሳርር አመሻሹን ሙሉ በማቆየት ግን ሳሞቫሩን አይስተካከለውም።

ጥንቃቄው ብዙ ነው። ያሮጌ ዕቃ ብየዳ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ከመጠቀማችን በፊት አስመርምረን መገጣጠሚያዎቹን እርሳስ በሌለው ቆርቆሮ አስበየድን። ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ፣ ውሃ ሳይሞላ ፍም ፈጽሞ አይጨመርበትም። የለንደን ውሃ የኖራነት ባሕርይ ስላለው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፤ በውሃ የቀጠነ ኮምጣጤ አፍልተን በማሳደር እናስለቅቀዋለን። ሆዱን የከበበው የአበባ ቅርጽ ከመሳሳቱ የተነሳ በጣት ሲዳሰስ እንኳ በጭንቅ ይታወቃልና፣ በማጽጃ ዱቄት አይፈተግም፣ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይወለወላል።

ትልቁ ጉድለቱ ከሰሉ ነው። በከሰል ቡና ለምናፈላ ሐበሾች አዲስ ነገር ባይሆንም፣ ቤት ዘግቶ ማንደድ ነፍስ ያጠፋልና ከጓሮ ውጭ አንጠቀምበትም። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይከርማል፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል። ቧንቧውም ጥቂት ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ የሚቀመጠው ሳህን ግን ይቀበለዋል።

ተመሳሳዩን ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ውሃ ሞልታችሁ ለረጅም ሰዓት አቆዩት፤ መገጣጠሚያው ላይ እርጥበት ካያችሁ የጥገናውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።