የካውንስለሮች ክፍያ፦ የእንግሊዝ አሰራር ይሻላል ወይስ የስኮትላንድ?

እንግሊዝ ውስጥ ካውንስለሮች (የአካባቢ ምክር ቤት ወይም ካውንስል ተመራጮች) አበላቸውን ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ነው የሚያፀድቁት፣ ገለልተኛ ፓነል ቀድሞ ሀሳብ ያቀርባል ግን የመቀበል ግዴታ የለባቸውም፣ ስለዚህ ክፍያው ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ስኮትላንድ ግን ከ2007 ጀምሮ ደሞዝ ነው፣ መንግስት በህግ ይወስነዋል፣ በ32ቱም ካውንስሎች መነሻው እኩል ነው፣ ኤፕሪል 2025 ላይ በአመት 25,982 ፓውንድ ነበር፣ ጡረታም አለው (እንግሊዝ ውስጥ ጡረታው በ2014 ለአዲስ ተመራጮች ቀርቶ ነበር)።

ለግብር ከፋዩ ርካሹ ብዙ ጊዜ የእንግሊዙ ነው፣ እኔ ግን የስኮትላንዱን ነው የምመርጠው። የእንግሊዟን ከተማ በርሚንግሃምን እዩ፣ 2023 ላይ ካውንስሉ ብር አልቆበት ከግዴታ ውጪ አዲስ ወጪ አቆመ፣ በ2024 የካውንስል ታክስ (ነዋሪው በቤቱ ለካውንስሉ የሚከፍለው ግብር) 9.99 በመቶ ጨመረ፣ እንደዛ የሚከፍል ህዝብ ፊት ካውንስለሩ የራሱን አበል ሲያፀድቅ በጣም ያናድዳል፣ ደግሞ በደሞዝ ከሆነ የቀን ሰራተኛውም ተመርጦ ቤቱን ማስተዳደር ይችላል።