ኮሶ ወይስ ፕራዚኳንቴል? ለኮሶ ትል የሚወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች

አራት ኪሎ አካባቢ ቁርጥ ለምዶ የኮሶ ትል የያዘው ሰው ሁለት ምክር ይሰማል፤ አንዱ ከቤት፣ ሌላው ከፋርማሲ። ትሉ ራሱ በመድኃኒቱ መጠራቱ ኮሶ በዚህ አገር ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ይመሰክራል።

የኮሶ ዛፍ ቀላ ያለው የሴቴ አበባ ደርቆ ይወቀጥና በውኃ ተዘፍዝፎ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ትል የማስወጣት ኃይሉ ተረት አይደለም፤ ኮሶቶክሲንን የመሳሰሉ ውሁዶች በውስጡ የተገኙ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥም ገብቶ ነበር። ችግሩ መጠኑ ነው፤ አንድ እፍኝ አበባ ከሌላው እፍኝ ጋር እኩል ጉልበት ስለሌለው፣ ትውከትና ብርቱ ተቅማጥ ከማስከተል አልፎ፣ አብዝተው የወሰዱ ሰዎች የዓይን ነርቭ ተጎድቶ ማየት እስከማይችሉ የደረሱበት ሁኔታ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። ጠጪው ትሉን ሲጥል ቢያይም፣ ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ትሉ እንደገና ያድጋል።

የፋርማሲው እንክብል ፕራዚኳንቴል ግን በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ተሰልቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይዋጣል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ቢበዛ 600 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የራስ ምታትና የሆድ ቁርጠት ሊያመጣ ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቶሎ ያልፋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው፣ በተለይ የአሳማ ኮሶ ትል እጭ አንጎል ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ ከመዋጡ በፊት ሐኪም ማማከር አለበት። እኔ ብጠየቅ ኮሶን ለታሪኩ አከብረዋለሁ፣ የምውጠው ግን እንክብሉን ነው።