ሁለት ጊዜ ያዋለዱኝ የለንደን አዋላጆች፦ ከአምስት አራት ኮከብ

ግምገማ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ብጽፍም የምጽፈው ምግብ ቤት ሲያናድደኝ ነው። ይሄኛውን ግን ቆይቼበታለሁ። ስለ አዋላጆች ነው፤ ደቡብ ለንደን ውስጥ ስላሉት። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። የምወቅሰውም የማመሰግነውም እዚያው አንድ ኮሪደር ላይ ስለሆነ።

እዚህ አገር እርግዝናን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትይዘው አዋላጅ ናት። ሐኪም የሚመጣው ችግር ሲኖር ነው። በኤንኤችኤስ፣ ማለትም በመንግሥት የጤና አገልግሎት በኩል ስለሆነ እኔ አንድ ፓውንድ አልከፈልኩም። ከወለድሽ በኋላም ቤትሽ ድረስ መጥተው ያዩሻል።

በመጀመሪያ ኮከብ የቀነስኩበትን ልናገርና ይውጣልኝ።

ኖቬምበር 2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ 36 ሳምንት ከ2 ቀን። አርብ ማታ ልጄ እንቅስቃሴ አቆመ። ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ «ቀዝቃዛ ነገር ጠጪ፣ በግራ ጎንሽ ተኚ፣ ካልተንቀሳቀሰ መልሰሽ ደውዪ» አለችኝ። ታዘዝኩ። የብርቱካን ጭማቂ ጠጥቼ ለአራት ሰዓት ያህል ተኛሁ። በኋላ እንደገባኝ ትክክለኛው ምክር የዚህ ተቃራኒ ነው። እንቅስቃሴው ከቀነሰ ወይም ከተለወጠ እስከ ነገ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ተነስቶ መሄድ ነው። ያ አራት ሰዓት ለውጥ ያመጣ እንደሁ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ኮከቡን ግን ወስዷል።

አልትራሳውንዱ ላይ ሦስት ሰዎች ዝም ብለው ስክሪኑን አዩ። ዝምታቸው ነገረኝ። ባለቤቴ እንግሊዝኛው የሥራ እንግሊዝኛ ስለሆነ በስልክ አስተርጓሚ ቀጠሩለት። ከስፒከሩ የወጣው አማርኛ «ጽንሱ ተቋርጧል» የሚል ነበር። ባለቤቴ ስልኩን እያየ «ምኑ ነው የተቋረጠው? መስመሩ ነው?» አለ። ሰውየው ደገመው፤ «ተቋርጧል።» «ታዲያ መልሰው ይደውሉ» አለ ባለቤቴ።

ይሄን ጊዜ ነው እሷ የገባችው። ጋናዊት ናት፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። ስልኩን ዘጋችው። ወንበር ስባ ጉልበቷ ከባለቤቴ ጉልበት እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠችና በቀስታ፣ በአጭር እንግሊዝኛ፣ «ልጃችሁ ሞቷል። በጣም አዝናለሁ» አለችው። ያኔ ገባው።

የሐዘን አዋላጅ ብዬ ልጥራት። ብዙ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የተመደበች አዋላጅ አላቸው። ልጅ ሞቶ ሲወለድ ከቤተሰቡ ጋር የምትቆም ናት። እኔ እንደ አገሬ ልማድ «ሲስተር» አልኳት። «የገዛ እህቴ እንኳ እንዲህ አክብራ ጠርታኝ አታውቅም» አለች። በዚያ ሰዓት ሳቅኩ። እንዴት እንደሳቅኩ አላውቅም።

ከዚያ ማንም አስቀድሞ ያልነገረኝ ነገር መጣ። እንዲህ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ወዲያው አያዋልዱም። ምጡን የሚያዘጋጅ ክኒን ተሰጥቶኝ ወደ ቤት ተላክሁ። ሁለት ቀን ያህል ሆዴን ይዤ ቤቴ ተቀመጥኩ። ሲስተር ሁለቱንም ቀን ደወለች። ሁለተኛው ቀን ላይ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገላሽን ታጥበሻል?»

ማክሰኞ ንጋት ላይ ወለድኩ። ወንድ ነው። ክፍሉ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ፣ የሻይ ማፍያ፣ ለስላሳ መብራት አለው። ግድግዳው ግን ስስ ነው። ማዶ አንድ ልጅ ተወልዶ ሲያለቅስ ሰማን። የሚሊዮን ፓውንድ ሕንጻ ሠርቶ ግድግዳ ላይ መቆጠብ ምን ይባላል?

«ልታዩት ትፈልጋላችሁ?» አለች። ባለቤቴ «የለም» አለ። እኔም ዝም አልኩ። እኛ አገር እንዲህ ሲሆን ሽማግሌዎች ጠቅልለው ይዘውት ይሄዳሉ፤ እናት አታይም። እናቴ የመጀመሪያ ልጇን እንዲህ ነው ያጣችው። እስከ ዛሬ ወንድ ይሁን ሴት አታውቅም። ይሄን ለሲስተር ነገርኳት። አላባበለችኝም፣ አልመከረችኝም። «እኔ ልጠበው፣ ከዚያ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ከዚያ ትወስናላችሁ» አለች። ተመልሳ መጣችና በሩ ላይ ቆማ ነገረችን። ከንፈሩ ጠቁሯል። ክንዱ ላይ ቆዳው ትንሽ ተልጧል። ፀጉሩ ብዙ ነው። አፍንጫው የአባቱ ነው። ባለቤቴ አፍንጫውን ነካ አደረገና «አምጪው» አለ።

ከደልኮት የሚባል ነገር አለ። ቅርጫቱ ውስጥ የሚነጠፍ ስስ ፍራሽ ነው፤ ከጎኑ ያለች ማሽን ቀዝቃዛ ውሃ ታዞርበታለች። ልጁ ሳይበላሽ አብሮ እንዲቆይ ነው። ድምፅዋ የትንሽ ፍሪጅ ድምፅ ነው። በእሱ ምክንያት 30 ሰዓት አብሮን ቆየ። እግሩን ስታትም አጠገቧ ነበርኩ። ቀለሙን በጣቷ እያሟሸች ቀባች፤ ወረቀቱን ወደ እግሩ አመጣች እንጂ እግሩን ወደ ወረቀቱ አልጎተተችም። የመጀመሪያው ተጨማደደ። «ይቅርታ ጌታዬ» አለችው፤ ለእሱ ነው ያለችው፤ ደግማ ሞከረች። ሁለተኛው ላይ አምስቱም ጣቶች ወጡ። የትንሿ ጣት ምልክት የምስር ፍሬ ታክላለች።

ሦስተኛው ቀን ቤቴ መጣች። ጡቴ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ወተት የሚያደርቀውን ክኒን ወስጃለሁ፤ ግን ትንሽ መጥቷል። እንደ ጥፋተኛ ደብቄው ነበር። ስፌቴን፣ ደሙን፣ ግፊቴን አየች። «አንቺ የወለድሽ ሴት ነሽ፤ እንደ ወለደች ሴት ነው መብላትና መተኛት ያለብሽ» አለችኝ። በአማርኛ ይሄ አንድ ቃል ነው፤ አራስ ነሽ። የሰፈሬ ሰው ይሄን ቃል አልተጠቀመም። «አይዞሽ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» ይሉኛል፣ ቡና ጠጥተው ይሄዳሉ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ያለኝ የለም። ሲስተር ከሄደች በኋላ ለእናቴ ደውዬ «ለምን አላልሽኝም?» አልኳት። ረጅም ዝም አለች። ከዚያ አለችኝ። በማግስቱ ጎረቤቴን በስልክ አዝዛ አጥሚት አስልካልኛለች።

ወረቀቱን በተመለከተ ለሚያስፈልጋችሁ ልጻፈው። እንግሊዝ ውስጥ ከ24 ሳምንት በኋላ ሞቶ የተወለደ ልጅ በ42 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ስምም ይጻፍለታል። የወሊድ ፈቃድሽ ሙሉ ነው፤ እስከ 52 ሳምንት። የቀብር ወጪውን መንግሥት የሚሸፍንበት የሕፃናት ቀብር ፈንድ የሚባል ከ2019 ጀምሮ አለ። የሥራ ቦታዬ «ሁለት ሳምንት» ብሎኝ ነበር። ሲስተር ደብዳቤ ጻፈችላቸው፤ ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ሌላ ወቀሳ፤ በሦስተኛው ሳምንት ለልጄ የጆሮ ምርመራ ቀጠሮ በፖስታ መጣ። ኮምፒውተር ነው ልኮት የሚሆነው። ባለቤቴ ቀዶ ጣለው።

አንድ ቀን በወሬ መሃል፣ ወንድ ልጅ እኛ ዘንድ በ40 ቀኑ ክርስትና እንደሚነሳ ነግሬያት ነበር። በአርባኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። «ዛሬ 40 ነው አይደል?» አለች። ቀኑን የቆጠርን እኔና ባለቤቴ ብቻ መስሎኝ ነበር።

እንግዴ ልጁ ለምርመራ ሄዶ ነበርና ውጤቱ መጣ። ትንሽ ነበር፣ ቀድሞ ደክሞ ነበር። ልጁን መመገብ አቅቶታል። እንግዴ ልጅ የሚለው ስም ያኔ ከበደኝ። እንግዳ ሆኖ መጥቶ ባለቤቱን ይዞ ሄደ።

ሁለተኛዋ በ2024 ናት። በየማታው ትንሽ አስፒሪን፣ በየሁለት ሳምንቱ አልትራሳውንድ፣ በየቀኑ ፍርሃት። በዚህ መሃል ስለ ሎተስ በርዝ አነበብኩ። እትብቱን ሳይቆርጡ እንግዴ ልጁን ከልጁ ጋር መተው ነው፤ በራሱ ደርቆ እስኪወድቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አሥር ቀን። ስሙ የመጣው ክሌር ሎተስ ዴይ ከምትባል ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1974 እንዲህ ካደረገች ሴት ነው። የፈረንጅ ነገር ነው፤ አውቃለሁ። ግን የመጀመሪያውን ቆርጠው ነው የወሰዱብኝ። ሁለተኛዋን ማንም መቀስ ይዞ እንዲቀርባት አልፈለግኩም።

ሲስተርን ስነግራት አልሳቀችም። አፏን ሞልታ ግን ነገረችኝ። እንግዴ ልጅ ከወጣ በኋላ ደም አይዘዋወርበትም፣ የሞተ ሥጋ ነው፣ ይበላሻል፣ ወደ ልጅቷ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። የእንግሊዝ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅም በ2008 ይሄንኑ አስጠንቅቋል። ጥቅም አለው የሚል ማስረጃ የለም። ጥቅሙ የታወቀው ትንሽ መታገሥ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከአንድ ደቂቃ በፊት አትቁረጡ ይላል። «እትብቱ መምታቱን አቁሞ እስኪነጣ ብንጠብቅስ?» አለችኝ። እምቢ አልኩ። እሺ ብላ ሁኔታዎቹን ጻፈችና አስፈረመችኝ። ደም ከበዛብኝ ወይም ልጅቷ እርዳታ ካስፈለጋት ወዲያው ይቆረጣል። ትኩሳት ካላት ይቆረጣል። እምብርቷ ዙሪያ ከቀላ ይቆረጣል።

ልጄ እየጮኸች ተወለደች። እንግዴ ልጁን አጥበው ወንፊት ላይ አጠፈፉት፣ ጨው ነስንሰው በጨርቅ ጠቅልለው ከጎኗ አስተኙት። እናቴ ከባሕር ዳር በቪዲዮ እያየች ነው። «እሱ ደግሞ ምንድነው?» አለች። ነገርኳት። «በርበሬ ብቻ እንዳትነሰንሺበት» ብላ ስልኩን ለአባቴ ሰጠችው።

እውነቱን ልናገር፤ ለማንም አልመክረውም። ልጅ ለማጥባት ባነሳሁ ቁጥር ሁለት ነገር ነው የማነሳው። ዳይፐር መቀየር የሁለት ሰው ሥራ ሆነ። ሰኔ ነው፣ ቤቱ ሞቋል። በሦስተኛው ቀን የሥጋ ቤት ሽታ መጣ። ሲስተር የልጅቷን ሙቀት ለካች፣ እምብርቷን አየች፣ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ከደነችው። ምንም አላለችም። «ይሸታል አይደል?» አልኳት። «ይሸታል» አለች። «ቁረጪው» አልኳት። መቀሱን ለእኔ ሰጠችኝ። እትብቱ እንደ ደረቀ ቋንጣ ጠንካራ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ነው የቆረጥኩት። ልጅቷ አላወቀችም፤ እየጠባች ነበር።

አራት ኮከብ። አምስተኛው የስልኩ መስመር ነው። እንግሊዝኛ ለማይችል ቤተሰብ ደግሞ አስተርጓሚው «ተቋርጧል» ሲል አቁሙትና በግልጽ እንዲናገር ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ግቢ ስለሌለን እትብቱንም እንግዴ ልጁንም በረንዳ ላይ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ቀብረን ጤና አዳም ተከልንበት። ጨዉን በደንብ ስላጠብነው መሰለኝ ጸድቋል። እናቴ ከዚያ ቆርጬ ቡና ላይ እንዳልጨምር አስምላኛለች። የቡናውን ከሱቅ ነው የምገዛው።