አውሮፕላኑን ሳታዩ ብር አትክፈሉ

ሰላም ወገን። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ «በትርፍ ሰዓትዎ አውሮፕላን ማብረር ይማሩ» የሚለውን ወረቀት አይታችሁ ልባችሁ የቆመ ካላችሁ፣ ከመደወላችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። የኔም ልብ ቆሞ ነበር። 38,000 ብር ከፍያለሁ። እስከ ዛሬ ከመሬት ከፍ ያልኩት ቢሮው ሶስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ብቻ ነው።

የድርጅቱን ስም አልጽፍም። አንደኛ አቤቱታ አስገብተናል። ሁለተኛ ደግሞ ነገ ስሙን ቀይሮ ሌላ ወረቀት መለጠፍ አያቅተውም። አሰራሩን ካወቃችሁ ግን በየትኛውም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ የመጣሁት በስራ ነው። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ኑሮ ታውቁታላችሁ፣ ከሰኞ እስከ አርብ ስራው ይይዛችኋል፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ተጋድሞ ጣሪያ መቁጠር ነው። ጓደኛ የለም፣ ዘመድ የለም። በዚያ ላይ ከተከራየሁበት ግቢ ሆኜ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል፣ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ አቋርጬ ቀና የምል ሰው ነኝ። አየር መንገድ ልቀጠር አላልኩም፣ እሱ አልፎኛል። አንድ ትንሽ አውሮፕላን፣ አንድ አስተማሪ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ከቦርከና ወንዝ በላይ። በቃ፣ ምኞቴ ይቺው ነበረች።

ወረቀቱን ያየሁት ሻይ ቤት በር ላይ ተለጥፎ ነው። በሳምንቱ ሚኒባስ ይዤ የሀረጎን ዳገት ወጣሁና ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለው ቢሮ ገባሁ።

ቢሮው ያምራል፣ አልክድም። ግድግዳው ላይ የኮክፒት ፎቶ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አውሮፕላን፣ ጥግ ላይ ጆይስቲክ የተሰካበት ኮምፒውተር። ሰውየው ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ትከሻው ላይ አራት ወርቃማ መስመር። ጸሐፊዋ «ካፒቴን» እያለች ነው የምትጠራው። እኔም ካፒቴን አልኩት። አንዴ ካፒቴን ያልኩትን ሰው «እስቲ የአብራሪነት ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ነውር መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ያቺ ይሉኝታ ናት 38,000 ብር ያስከፈለችኝ።

«40 ሰዓት ስልጠና፣ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ። እስከ አርብ ከተመዘገብክ የመጀመሪያው ክፍያ በግማሽ» አለኝ። አውሮፕላኑስ? «አብሽር ወንድሜ፣ በሁለት ወር ውስጥ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ይገባል።» የጤና ምርመራስ? «እሱ መጨረሻ ላይ ነው፣ ፎርማሊቲ ነው።»

ማታ ለአከራዬ ነገርኳቸው። ቡና አፍልተው ቶናውን እየቀዱ ነበር። ሁሉንም ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «አውሮፕላኑ የታለ ልጄ?» እኔ ስለ ቲዎሪው፣ በረራ አስመስሎ ስለሚያለማምደው ሲሙሌተር፣ ስለ ቅናሹ አስረዳኋቸው። «እሱስ ይሁን፣ በግም ሲገዛ ላቱ ይዳሰሳል» አሉና ስኒውን ሰጡኝ።

አርብ ሄጄ ከፈልኩ።

ይሄ ጥቅምት ላይ ነው። አሁን ግንቦት ነው። ቲዎሪ የተባለው በየቅዳሜው ፎቶኮፒ ማንበብ ሆነ፣ ሲሙሌተር የተባለው ያ ጥግ ላይ ያለው ኮምፒውተር ነው፣ ተራ ደርሶህ ስትቀመጥ የሚከፈተው ልጆች ቤታቸው የሚጫወቱት ጌም ነው። የበረራው ቀን መጀመሪያ በመለዋወጫ ተላለፈ። ከዚያ በውጭ ምንዛሪ። ከዚያ «በሂደት ላይ ነው» መጣች። እዚህ ሀገር «በሂደት ላይ ነው» የተባለ ነገር የት እንደሚደርስ ለእናንተ አልነግርም።

የነቃሁት በፎቶ ነው። «እሺ አውሮፕላኑ የት እንዳለ ቢያንስ ፎቶ ላክልኝ» ስለው ላከልኝ። ቆንጆ ነጭ ሴስና 172፣ ባለ አራት መቀመጫዋ። አጉልቼ ጎኗ ላይ የተጻፈውን ሳየው የሚጀምረው በኤን ነው። ኢትዮጵያ የተመዘገበ አውሮፕላን የሚጀምረው በኢ.ቲ ነው፣ ኤን የአሜሪካ ነው። ከጀርባዋ ያለው ሜዳ ደግሞ እስከ አድማስ ድረስ ጠፍጣፋ፣ አንድ ጉብታ እንኳ የለውም። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሜዳ ያለበትን ቦታ የሚያሳየኝ ካለ ቡና እጋብዛለሁ። ምዝገባዋን ጠቅሼ ስጽፍለት አየውና ዝም አለ። ለሁለት ቀን።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት፣ ሰው ከመክፈሉ በፊት የሚያደርገውን እኔ ከፍዬ አደረግሁት።

በጣም ያናደደኝ የ«40 ሰዓት» ነገር ነው። ቁጥሯ እውነተኛ ናት፣ ለዚህ ነው የምታታልለው። በዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት የግል አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል፣ በጸደቀ የስልጠና ፕሮግራም ከሆነ 35። ልብ በሉ፣ መብረር ነው የሚለው። በሲሙሌተር ሊያዝላችሁ የሚችለው ቢበዛ 5 ሰዓት ነው፣ ያውም መሳሪያው በፈቃድ ሰጪው ተቀባይነት ያለው ሲሆን እንጂ ጌም የተጫነበት ኮምፒውተር አይደለም። ከጠቅላላው የበረራ ሰዓት ውስጥ 10 ሰዓት አስተማሪ ሳይኖር ብቻችሁን ትበራላችሁ፣ በዚያም ላይ ቢያንስ 270 ኪሎ ሜትር የሆነ አንድ ጉዞ ብቻችሁን ሄዳችሁ ሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች ላይ ማረፍ አለባችሁ። ብዙ ሰው በ40 ሰዓትም አይጨርስም። የኔን ደረሰኝ ገልብጬ ከጀርባው በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ሳነበው ግን እንዲህ ይላል፦ ቲዎሪ 22 ሰዓት፣ ሲሙሌተር 14 ሰዓት፣ በረራ 4 ሰዓት። ድምሩ 40! ውሸት አልጻፈም እኮ ሰውየው። በአራት ሰዓት ማንም አብራሪ አይሆንም እንጂ።

ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ ትክክለኛ ትምህርት ቤት ብታገኙም ሰዓቱ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጠር ጠይቁ። ብዙ ቦታ ክፍያው የሚሰላው ሞተሩ ሲነሳ መቁጠር በሚጀምር ቆጣሪ ነው፣ ሆብስ ይሉታል። መሬት ላይ ቆማችሁ የኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ ማማ እስኪፈቅድላችሁ ስትጠብቁም ይቆጥራል፣ ልክ ኮንትራት የያዛችሁት ባጃጅ ቆማችሁ ወሬ ስታወሩ እንደሚያስከፍላችሁ ማለት ነው። ነዳጅና አስተማሪ በዋጋው ውስጥ ይካተቱ አይካተቱም ጠይቁ። ኢንሹራንሱንም በወረቀት እዩ።

ስለ ነዳጅ ሌላም ነገር አለ። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሚቀዱት ጄት ኤ ዋን የሚባለውን ነው፣ እሱ ኬሮሲን ነው። እንደ ሴስና 172 ያሉት ባለ ፒስተን ሞተሮች ግን በአብዛኛው የሚሰሩት አቭጋዝ በሚባል ልዩ ቤንዚን ነው። እናም ካፒቴኑን «አቭጋዙን ከየት ነው የምታመጡት?» አልኩት። «ኤርፖርቱ ላይ ነዳጅ አለ እኮ» አለኝ። የምን ነዳጅ እንደሆነ ግን ሊነግረኝ አልቻለም። ጋራዥ ውስጥ የሚሰራ ልጅ እንኳ ናፍጣና ቤንዚን አያምታታም።

ከፍታውን ደግሞ አስቡት። ይሄ የኛን አካባቢ ሰው በቀጥታ ይመለከታል። የኮምቦልቻ ኤርፖርት ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,860 ሜትር ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ሙቀቱ 28 ዲግሪ በገባበት ከሰዓት በኋላ፣ ለአውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ እንዳለ ያህል ነው የሚሆንበት። ደሴ ራሷ 2,500 ገደማ ናት፣ ስለዚህ ኤርፖርቱን ከኮምቦልቻ ነቅላችሁ ከደሴ በላይ ሰቀላችሁት ማለት ነው። ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፉ የሚይዘው አየር ይሳሳል፣ ለመነሳት ረጅም ይሮጣል፣ ከተነሳም በኋላ ከፍ የሚለው በልመና ነው። ከአቅሙ በላይ የተጫነ አይሱዙ ሀረጎን ሲወጣ ያየ ሰው ይገባዋል። ልዩነቱ አይሱዙው ጥግ ይዞ መቆም ይችላል፣ ዙሪያው ደግሞ ተራራ ነው። ስለዚህ እዚህ ላስተምር የሚል ሰው ይሄን ሳትጠይቁት ቀድሞ ሊነግራችሁ ይገባል፣ «በጠዋት እንበራለን፣ ነዳጅና ሰው ቀንሰን እንጭናለን» ሊላችሁ ይገባል። የኔው ካፒቴን ስጠይቀው «ሴስና ጠንካራ ናት፣ አታስብ» ነው ያለኝ። አየሩ ነው የሳሳው እንጂ ሴስናዋ ደካማ ናት አላልኩም።

አሁን ወደ ጤና ምርመራው። ከኔ ጋር የተመዘገበ አንድ ከሐይቅ የሚመጣ ልጅ አለ፣ የሁለት ዓመት ቁጠባውን ነው የከፈለው። የግል አብራሪ ፈቃድ ሁለተኛ ክፍል የሚባል የጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል፣ ያለሱ ብቻችሁን አትበሩም። ይሄን ሳነብ «ኧረ ቢያንስ አይናችንን እንታይ» አልኩትና ደሴ አንድ ክሊኒክ አብረን ገባን። ነርሷ በነጠብጣብ የተሞላ ደብተር ገለጠችለት። «ስንት ነው?» አለችው። «ምኑ?» አላት። «ቁጥሩ።» ልጁ ደብተሩን አቀረበ፣ አራቀ፣ ወደ መስኮቱ አዞረው። እኔ ከጀርባው ቆሜ 45 ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። «ነጠብጣብ ነው እንጂ ቁጥር የለም እኮ» አለ። ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳያውቀው ኖሯል። ይሄ ለበረራ ቀልድ አይደለም፣ ሬዲዮ ቢበላሽባችሁ ማማው የሚያነጋግራችሁ በቀይና በአረንጓዴ መብራት ነው። ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ፈቃድ ቢያገኝም ገደብ ያለበት ሊሆን ይችላል። ይህን በጥቂት መቶ ብር ምርመራ ቀድሞ ማወቅ ይችል ነበር። ሲወጣ አንድ ቃል አልተናገረም፣ መናኸሪያ ድረስ ዝም ብለን ሄድን።

እና ወገኖቼ፣ ማንም የበረራ ስልጠና ልስጣችሁ ካላችሁ በመጀመሪያ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን የሰጠውን የማሰልጠኛ ተቋም ማጽደቂያ ጠይቁ። «በሂደት ላይ ነው» ካለ ደህና ዋል ብላችሁ ውጡ። የአስተማሪውን ፈቃድ እዩ፣ አስተማሪነት ራሱን የቻለ ፈቃድ አለው፣ አብራሪ መሆን ብቻ አይበቃም። አውሮፕላኑን ሄዳችሁ በእጃችሁ ንኩት፣ አከራዬ እንዳሉት ላቱን ዳስሱ። አንድ የሙከራ በረራ ብቻ ከፍላችሁ ውጡ፣ ከወደዳችሁት የየበረራውን ክፈሉ እንጂ ጥቅሉን በአንድ ጊዜ አትክፈሉ። ትክክለኛ ትምህርት ቤት «እስከ አርብ» ብሎ አያጣድፋችሁም፣ ሰማዩ የትም አይሄድም።

ደግሞ ግድግዳ አንብቡ! እኔ ሰባት ወር ሙሉ የኮክፒቱን ፎቶ ሳይ ከጎኑ በፍሬም የተሰቀለውን ንግድ ፈቃድ አላየሁትም። ባለፈው ሰሞን ነው ያነበብኩት። የስራ ዘርፉ «የኮምፒውተር ስልጠና» ይላል። እንግዲህ እሱም አልዋሸም፣ ያሰለጠነን ኮምፒውተር ላይ ነው።

ብሬን ስጠይቅ ደረሰኙ ላይ ያለውን «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል ማህተም አሳየኝ። ደረሰኙ በእጅ የተጻፈ ነው፣ ከካሽ ሬጅስተር የወጣ አይደለም። ማህተሙን አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ሸማች ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብትም ይሰጠዋል። የግድግዳውን ወረቀት ፎቶ አንስቻለሁ፣ የላከልኝን የሴስና ፎቶም፣ ደረሰኙንም ፊትና ጀርባውን ኮፒ አድርጌ ንግድ ጽህፈት ቤት አስገብቻለሁ።

እስካሁን አቤቱታ ያስገባነው አራት ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶኮፒ ስናነብ የነበርነው ግን ከአስራ አንድ አናንስም ነበር። የቀራችሁት ይህን ካነበባችሁ፣ ንግድ ጽህፈት ቤት ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ሶስት ሰዓት ነው። የደረሰኛችሁን ኮፒ ይዛችሁ ኑ፣ በተለይ ጀርባውን ኮፒ ማድረግ አትርሱ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ደግሞ ሰሞኑን ጠዋት ሀረጎ ላይ ጭጋግ ስላለ ቀደም ብላችሁ ተነሱ።