ባሕር ዳር፦ አስቀድመው የነገሩኝና ያልነገሩኝ

አገልግሎት ስገመግም አንድ መለኪያ ብቻ አለኝ፤ ቀጥሎ የሚሆነውን አስቀድሞ ነግሮኛል ወይስ አልነገረኝም? የአልጋው ልስላሴ፣ የቁርሱ ብዛትና የአስተናጋጁ ፈገግታ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ኦቲዝም ያለብኝ ጎልማሳ ሴት ነኝ፤ ድንገተኛ ነገር፣ ጩኸትና ንክኪ ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብዱኛል። አዲስ አበባ ተወልጄ እንግሊዝ አገር አደግኩ፤ እናቴ የባሕር ዳር ልጅ ብትሆንም ከተማዋን እስከዚህ ጉዞ ድረስ የማውቃት በወሬ ነበር። ስለዚህ ይህ ግምገማ ጣና ያምራል አያምርም የሚል አይደለም። (ያምራል።)

እንግሊዝ አገር እንደ እኔ ላሉ ጎልማሶች የተዘጋጁ የጉዞ መመሪያዎች ሞልተዋል። የምትሄጂበትን ቦታ በፎቶ አስቀድመሽ ተመልከቺ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ጠይቂ፣ የጆሮ መከለያ ያዢ፣ የቀኑን መርሐ ግብር ጻፊ፣ ሁሉ ነገር ሲበዛብሽ የምትሸሺበትን ስፍራ ለዪ ይላሉ። ጥሩ ምክር ነው፤ አንዱንም አላስቀረሁም። ነገር ግን ካነበብኳቸው አንዱም ስለ ጉርሻ አያነሳም። ስለ ዕጣን፣ ጉንጭ ለጉንጭ ስለ መሳሳም፣ በሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር መካከል ስለ መኖርም ዝም ብለዋል። የአውሮፕላን ትኬት በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል፤ ጀልባ ነጂው «1 ሰዓት ተኩል» ሲል ደግሞ በትኬቱ አቆጣጠር ጠዋት 7:30 ማለቱ ነው። መርሐ ግብሬን በሁለቱም ጽፌ፣ ጎን ለጎን አስምሬ ያዝኩ።

አንገቴ ላይ የሱፍ አበባ ያለበት አረንጓዴ ማንጠልጠያም ነበረኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ የተጀመረ፣ በዓይን የማይታይ የአካል ጉዳት እንዳለ የሚጠቁም ምልክት ነው። ባሕር ዳር ላይ ያየው ሰው ሁሉ ስብሰባ የመጣሁ መስሎት ስብሰባው የት እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር። የሠራልኝ በአማርኛ የጻፍኳት ካርድ ናት፦ «ድምፅ ሲበዛብኝ ቶሎ መልስ መስጠት ያቅተኛል። እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ።» አንድ ዘበኛ ካርዷን ተቀብሎ በር ላይ ለቆሙት ሁሉ ጮክ ብሎ አነበባት። ዓላማዋ ይህ ባይሆንም ወዲያው ጸጥ አሉ።

በረራው ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መነካት ለሚከብደው ሰው ልንገረው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፍተሻው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ወደ ሕንፃው ሲገባ፣ ሌላው ወደ መሳፈሪያው ሲታለፍ፤ ሁለቱም ጋ በእጅ ሊፈትሹ ይችላሉ። ፈታሿን «ከመንካትሽ በፊት ንገሪኝ» አልኳት። «እጅሽን ዘርጊ፤ አሁን ወገብሽን፤ አሁን እግርሽን» እያለች ጨረሰች። ሙሉ ነጥብ።

መጀመሪያ ያረፍኩበትን ሆቴል ስም አልጠራም። ከመምጣቴ በፊት ጸጥ ያለ ክፍል መኖሩን በጽሑፍ ጠይቄ «ምንም ችግር የለም፤ እንኳን ደህና መጡ» የሚል መልስ ደርሶኝ ነበር። ከክፍሌ ሥር የሠርግ አዳራሽ እንዳለ ግን የነገረኝ የለም። ድምፅ ማጉያው የአልጋዬን ብረት ያርገበግበው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስጠይቅ «አለቀ» ተባልኩ፤ ማታ የመልሱ ድግስ ሆነ። ሠርግ አልጠላም። የምጠላው ሠርግ ያለበትን ቀን መዝግቦ ይዞ ዝም የሚለውን እንግዳ ተቀባይ ነው።

ወደ ሐይቁ ዳር ወዳለች አነስተኛ ፔንሲዮን ተዛወርኩ። ሥራ አስኪያጁ ክፍሉን በቪዲዮ ቀርጾ በቴሌግራም ላከልኝ፤ ከዚያ ያልጠየቅኩትን ጨመረበት፦ «መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሣል፤ እሱ ከኋላ ነው፣ የእርስዎ ክፍል ከፊት ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይጀምራል፤ እሱን ማስቆም አልችልም።» ይህ ሰው ስለ ኦቲዝም ከእኔ በፊት ሰምቶ እንደማያውቅ ነግሮኛል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ድምፁ ሲመጣ ነቃሁ፣ ሰዓቴን አየሁ፣ በቀጠሮው መምጣቱን አረጋግጬ ተኛሁ።

ባጃጅን በአጭሩ። በሰው ሒሳብ ከተሳፈራችሁ ትከሻ ለትከሻ ትጣበቃላችሁ፤ ኮንትራት ያዙ። ዋጋውንም ሙዚቃውንም ሳትገቡ ተነጋገሩ፤ ከተነሣ በኋላ ሁለቱም አይቀንሱም።

ስለ ጀልባውና ስለ አስጎብኚው ግን በሰፊው ልናገር። መጀመሪያ የጸጥታው ነገር፦ የክልሉ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ የታተመ መመሪያ ይቅርና ያለፈው ወር ወሬም አያስተማምን፤ ከከተማ መውጣትን እዚያው የሚኖር ሰው ይወስንላችሁ። እኔ አክስቴ «ሂጂ» ያለችኝ ቦታ ብቻ ሄጃለሁ። ጢስ ዓባይን ያላየሁትም ለዚህ ነው። ለሚሄድ ሰው አንድ ጥያቄ ላዋጣ፤ «ፏፏቴው ያምራል?» አትበሉ፣ ሁሉም አዎ ይላችኋል። «ዛሬ ውሃው ምን ያህል ነው?» በሉ። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፎቶው ላይ ያለውን ላታገኙት ትችላላችሁ። ሥዕል በአእምሮው ይዞ ለሚሄድ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገዳማት ወዳሉበት የጣና ባሕረ ገብ መሬት፣ ወደ ዘጌ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን አስጎብኚውን ቡና ጋብዤ የነገውን ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስነገርኩት። የጀልባው ሞተር ከኋላ ስለሆነ ጩኸት የማይወድ ከፊት ይቀመጥ። መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በጠዋት የሚኬደው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁን ስለሚያናውጠው ነው፤ «ማዕበል ካየሁ እመልስሻለሁ፤ ያኔ እንዳታዝኚብኝ» አለ። ኪራዩ በጀልባ እንጂ በሰው አይታሰብም፤ ብቻውን የሚሄድ ሙሉውን ይከፍላል። እያንዳንዱ ገዳም የመግቢያውን ለየብቻው ይቀበላል። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ደንቡን ባልወደውም ጀልባ ላይ ከወጣሁ በኋላ ሳይሆን ቡና ላይ ሳለሁ ተነግሮኛል። ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው የእግር መንገድ በቡና ዛፎች መካከል ያልፋል፤ ግራና ቀኙ የዕቃ ሻጮች ናቸው።

እዚህ ላይ አስቆምኩት። ይጠሩኛል? ይከተሉኛል? እጄን ይይዛሉ? እንደ መርማሪ ባፋጥጠውም አልሰለቸም። «ይጠሩሻል፤ አይነኩሽም። ‹ስመለስ አያለሁ› ካልሽ ግን ያስታውሱሻል፤ ካልፈለግሽ አትበዪ።» አላልኩም። ከእኔ ፊት የነበሩ ሁለት ጎብኚዎች ብለው ነበርና ሲመለሱ መንገዱ ሁሉ ጠበቃቸው።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ስለሆነ ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ቦታ የለም። ዙሪያውን መዞር ስጀምር ራሴን ያዞረኝ ጀመር። አስጎብኚው አንድ በር ብቻ እንድመርጥ አድርጎ እዚያው ፊት ለፊት አስቀመጠኝ፤ በላዔ ሰብእን በሚዛን ሲመዝኑት የሚያሳየውን ሥዕል ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ሌላውን ሳይነካ ተረከልኝ። ሌላውን ግድግዳ አላየሁትም፤ አልቆጨኝም። ጫማ ይወለቃልና የምንጣፍ ሻካራነት የሚረብሸው ወፍራም ካልሲ ይያዝ።

ከእንግሊዝ ካመጣሁት መሣሪያ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ከገበያ የገዛሁት ነጠላ ነው። ትልቁ የጆሮ ማዳመጫ ልጆችን ይሰበስባል፤ በነጠላ ሥር ያለ የጆሮ መከለያ ግን አይታይም። ፀሐይ ይከልላል፣ ዕጣን ሲጠነክር አፍንጫ ይሸፍናል፣ የተሸፋፈነችን ሴት ደግሞ ማንም ለምን አይላትም። ሰላምታም እንዲሁ፤ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት እዚህ አገር ክብር እንጂ ኩርፊያ አይደለም። ማንንም ሳልነካ ሰላም አልኩ፤ «ጨዋ ልጅ» ተባልኩ።

አክስቴ ቤት ግን ጨዋነት አላዳነኝም። አስቀድሜ በድምፅ መልእክት አስረድቻት ነበር። «አንቺ ትናገሪያለሽ፣ ትስቂያለሽ፤ ምኑ ላይ ነው ኦቲዝሙ?» አለችኝ። አልፈርድባትም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኒያ ፋውንዴሽንንና ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሚማሩበትን የጆይ ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከመሠረቱበት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦቲዝም በአገራችን ስም ቢያገኝም፣ በሰው ልብ የተሣለው ሕፃን ልጅ ነው፤ ሕፃኑ አድጎ ሻንጣ ይዞ ይመጣል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። አክስቴ ግን ብልህ ናት። ጉርሻውን ጠቅልላ ወደ አፌ አንሥታ ለአፍታ አየችኝና ሳህኔ ላይ አስቀመጠችው። «በይ፣ ሳህኑ ያጉርስሽ» አለች። ዕጣኑንም ወደ በረንዳ አወጣችው።

ሐይቁ ዳር ዓሣ ስታዙ የተጠበሰው ከነራሱ እንደሚመጣ እወቁ፤ የሚያፈጥ ዓይን የማይችል ጉላሽ ወይም ኮተሌት ይዘዝ። ቴሌቪዥኑን ለማስቀነስ ከምሳ ሰዓት በፊት መግባት ይሻላል፤ ሰው ከሞላ በኋላ ኳሱን የሚያስቀንስ አስተናጋጅ አላገኘሁም።

ያ የመጀመሪያው ሆቴል ከተመለስኩ በኋላ አስተያየት እንድሰጥ መልእክት ልኮልኛል። አስተያየት ከመስጠቴ በፊት የአዳራሹን የሠርግ ቀናት ዝርዝር ጠይቄያቸዋለሁ። ገና አልላኩልኝም።