ኳርትዝ ሮቴተር ከሰባት ወር በኋላ፦ የጋለ ያግ ሌዘር ላይ ምን ለወጠ?

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በብርጭቆ ኩብ ውስጥ የተመራቂ ፎቶ፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት፣ አንዳንዴም ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ በሌዘር እቀርጻለሁ። ማሽኑን ያገለገለ ነው የገዛሁት። ፊትና ኋላ የተሰለፉ ሁለት የኒዮዲሚየም ያግ ዘንጎች፣ ማለትም የሌዘሩን ብርሃን የሚያመነጩ ክሪስታሎች፣ አሉት፤ እያንዳንዳቸው ኃይል የሚሰጣቸው የየራሳቸው ክሪፕተን ላምፕ አላቸው። የሚወጣው 1064 ናኖሜትር የማይታይ ብርሃን መጨረሻ ላይ በሌላ ክሪስታል ወደ 532 አረንጓዴ ይቀየራል።

ችግሩ ከረንት ስጨምር ነበር። እስከ 16 አምፔር ድረስ አረንጓዴው አብሮ ይጨምራል። ከዚያ በላይ ግን ላምፑ ይደምቃል፣ አረንጓዴው ይቀንሳል፤ የቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ያሉት ነጥቦች ደብዝዘው ይቀራሉ። «ቺለሩ ነው» ተባልኩና ቺለሩን፣ ማለትም ዘንጎቹን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚያበርደውን ዕቃ፣ ቀየርኩ። ምንም! ያ ገንዘብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነገሩን ያሳየኝ ፊዚክስ የሚያስተምር ጎረቤቴ ነው። «ጋሼ፣ ኃይሉ የት ነው የሚጠፋው?» ስለው መነጽራችንን አስደርጎ ከፖላራይዘሩ (በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን ብቻ ከሚያሳልፈው ዕቃ) ጎን የማይታየውን ብርሃን የሚያሳይ ኢንፍራሬድ ካርድ ያዘ። ካርዱ ላይ አራት ቅጠል በራ፤ በቅጠሎቹ መሐል ጥቁር መስቀል። «የአንተ ኃይል ይኸውልህ፣ በጎን እየወጣ» አለኝ።

ውሃው ዘንጉን ከውጭ ያቀዘቅዛል፤ መሐሉ ግን ይግላል። የጋለው መሐል ልለጠጥ ሲል ቀዝቃዛው ዳር ጨምቆ ይይዘዋል። በዚህ ጭንቀት የተነሳ ክሪስታሉ ከመሐል ወደ ዳር የሚወዛወዘውን ብርሃንና ዙሪያውን ተከትሎ የሚወዛወዘውን በእኩል ፍጥነት አያሳልፍም፤ አንዱ ከሌላው ወደ ኋላ ይቀራል። በአንድ አቅጣጫ እየተወዛወዘ የገባው ብርሃን ፖላራይዜሽኑ፣ ማለትም የሚወዛወዝበት አቅጣጫ፣ ተዛብቶ ይወጣል፣ ፖላራይዘሩም የተዛባውን በጎን ይጥለዋል። ለዚህ ነው ቺለሩ ያልረዳኝ፤ ጥፋቱ ያለው ሙቀቱ ላይ ሳይሆን በመሐልና በዳር መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፤ ስኮትና ደ ዊት የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1971 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። በሁለቱ ዘንጎች መሐል ፖላራይዜሽኑን 90 ዲግሪ የሚያዞር፣ ሮቴተር የሚባል ኳርትዝ ይገባል። በመጀመሪያው ዘንግ ወደ ኋላ የቀረው ብርሃን በሁለተኛው ቀዳሚ ይሆናል፤ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ይመልሳል።

መጀመሪያ የተላከልኝ ሌላ ዕቃ ነበር። ሻጩ «90 ያዞራል» ብሎ ሃፍ ዌቭ ፕሌት የሚባል ሌላ ስስ የፖላራይዜሽን ማዞሪያ ሰደደልኝ። ያዞራል፣ ግን እንደ አቀማመጡ ነው፤ የእኛ ዘንግ ደግሞ የሚፈልገው በየትኛውም አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን እኩል 90 የሚያዞርለት ነው። ለ1064 የሚሆነው እውነተኛ ሮቴተር 14 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ስትገዙ ከተሰበረ ላፕቶፕ ስክሪን በተላጡ ሁለት ፖላራይዘሮች መሐል አስገቡት፣ ቀይ ሌዘር ፖይንተር አብሩበት፣ ከዚያ ዕቃውን በራሱ ዙሪያ አሽከርክሩት። ሮቴተር ከሆነ ብርሃኑ አይለወጥም፤ ሃፍ ዌቭ ከሆነ ይደምቃል፣ ይፈዝዛል። በአረንጓዴ ፖይንተር አትሞክሩት፤ ለ1064 የተሠራ ሃፍ ዌቭ 532 ላይ ምንም እንዳልነካው ሊያልፍና ሊሸውዳችሁ ይችላል።

ትክክለኛው መጥቶ ሲገባ የወሰደው አንድ ከሰዓት ነው። ማዞር ማስተካከል የለውም፤ ለጨረሩ ቀጥ ብሎ መቆሙ ይበቃል። አራቱ ቅጠሎች ደብዝዘው ሊጠፉ ምንም አልቀራቸው፤ አረንጓዴው እስከ 21 አምፔር ድረስ መጨመሩን ቀጠለ። በሰኔ የምረቃ ሰሞን ሥራ ሲጎርፍ ነጥቦቹ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነጭ ሆኑ።

አምስተኛው ወር ላይ ግን ቅጠሎቹ ተመለሱ። ሮቴተሩ ተበላሸ ብዬ ነቀልኩት፣ አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ቆይቶ ነው የገባኝ። በዚያ ሳምንት አንዱ ላምፕ ተቃጥሎ እሱን ብቻ ቀይሬ ነበር። አዲሱ ዘንጉን አብዝቶ ያሞቃል፤ ያረጀው ያንሳል። አንዱ አሥር አበላሽቶ ሌላው ሰባት ሲመልስ ሦስቱ በጎን ይወጣል ማለት ነው። ሁለተኛውንም ቀየርኩ፣ ቅጠሎቹ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ላምፕ የምገዛው ጥንድ ጥንድ ነው። ወጪው ያማል፤ ሻጩ አስቀድሞ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ሌላም ልናገር። ዘንጉ ሲግል እንደ ሌንስ ጨረሩን መሰብሰቡን ይህ ዕቃ አያጠፋላችሁም። ዘንጎቹ ከተራራቁም ብርሃኑ በሁለቱ ውስጥ በአንድ ቦታ ስለማያልፍ ማስተካከሉ ይጎድላል፤ የእኔዎቹ ተጠጋግተው ነው የታሰሩት። ባለ አንድ ዘንግ ማሽን ያላችሁ ይህን አትግዙ፤ ከኋለኛው መስታወት ፊት የሚገባ ኳርተር ዌቭ ፕሌት (የሃፍ ዌቭ ፕሌት ዘመድ የሆነ ስስ ዕቃ) ሁሉንም ባይሆን ብዙውን ያስተካክላል። በያግ ፋንታ ቫናዴት የሚባል ክሪስታል ያለው ማሽን ያላችሁ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልጋችሁም፤ ያ ክሪስታል በተፈጥሮው ሁለቱን ብርሃን በጣም ስለሚለያይ የሙቀቱ ጫና አይገንበትም።

ካርዷን ከማሽኑ ጎን በፕላስተር ለጥፌያታለሁ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ቡናው ሳይፈላ፣ መነጽሬን አድርጌ ቅጠሎቹን አያለሁ።