ዊም አልትራ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ

ሊንክፕሌይ የተባለው ኩባንያ በ2024 እ.ኤ.አ. በ329 ዶላር ለገበያ ያቀረበው ዊም አልትራ፣ ሙዚቃን በዋይፋይ ወይም በኔትወርክ ገመድ ተቀብሎ ወደ አምፕሊፋየር የሚልክ፣ የድምፁንም መጠን ራሱ የሚቆጣጠር ፕሪአምፕ ነው። በውስጡ ማጉያ ስለሌለው ስፒከር በቀጥታ አይሰካበትም። እኔ የምጠቀምበት አዲስ አበባ ባለ የኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ፣ ከቆየ ባለሁለት ቻናል አምፕሊፋየርና ከአንድ ሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ከሚያወጣ ስፒከር፣ ጋር ነው።

እንዲህ ያለ ቤት ለሙዚቃ አስቸጋሪ መሆኑን የኖረበት ያውቀዋል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ወፍራሙ ድምፅ በተወሰኑ ድግግሞሾች ላይ እየተጠራቀመ ቤቱን ያናጋዋል፤ በሌሎቹ ላይ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ይህን ለመፈተን ከበገና የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። የበገና ድምፅ ውበቱ በአውታሮቹና በብርኩማው መካከል በምትገባው እንዝራ፣ ማለትም በትንሿ ቁራጭ ቆዳ፣ የሚፈጠረው ነዛሪ ድምፅ ነው፤ የሳሎኑ ጉምጉምታ ሲያይል ግን ይህ ንዝረት ይዋጥና አሥሩ አውታሮች እንደ አንድ ሆነው ይሰማሉ።

የዊም አልትራ ትልቁ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። መተግበሪያው ከስፒከሮቹ የመፈተኛ ድምፅ አውጥቶ በስልኩ ማይክሮፎን ያዳምጥና ክፍሉ ያለ ልክ ያጎላውን ድግግሞሽ ይቀንሳል። እኔ እርማቱ ከ300 ሄርዝ በታች ብቻ እንዲሠራ ገድቤዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለውን መንካት የድምፃዊውን የተፈጥሮ ቃና ይለውጥብኛል፣ የስልክ ማይክሮፎንም ለዚያ የሚታመን አይመስለኝም። ሰብዉፈሩ ከየትኛው ድግግሞሽ በታች እንደሚረከብም በዚሁ መተግበሪያ ይወሰናል። ከዚህ ማስተካከያ በኋላ የበገናው እያንዳንዱ አውታር ለብቻው ይሰማኝ ጀመር፤ ለዚህ ለውጥ ስል ብቻ መሣሪያውን እንደገና እገዛዋለሁ። ሆኖም እርማቱ የተጠራቀመውን ይቀንሳል እንጂ ክፍሉ ያጠፋውን ድምፅ መመለስ ስለማይችል፣ የስፒከሮቹን ቦታ አስቀድሞ መምረጥና ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ አሁንም ያስፈልጋል።

ሸክላ ለምንሰማ ሰዎች የፎኖ መግቢያ፣ ማለትም የሸክላ ማጫወቻ የሚሰካበት ቦታ፣ አለው፤ የሚቀበለው ግን ኤምኤም የሚባለውን የካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) ዓይነት ብቻ ነው። አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተማቸውን የመሳሰሉ ያረጁ ሸክላዎች ያሉት ሰው ማወቅ የሚገባው ነገር ቢኖር፣ የሸክላው ድምፅ ወደ መሣሪያው ሲገባ ወደ ዲጂታል መቀየሩን ነው። ይህን የማይቀበሉ አድማጮች እንዳሉ ይገባኛል። እኔ ግን የክፍሉ እርማት ለሸክላውም ስለሚደርሰው የማገኘው ጥቅም እንደሚበልጥ በጆሮዬ አረጋግጫለሁ።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሙዚቃው አብሮ አለመቋረጡ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። በዩኤስቢ በተሰካ ፍላሽ ላይ ያሉትን ፋይሎች የቤቱ ዋይፋይ እስከሠራ ድረስ ከስልክ እየመረጡ ማጫወት ይቻላል። ቴሌቪዥኑም በኤችዲኤምአይ ስለሚገናኝ ዜናውም ፊልሙም በዚያው አምፕሊፋየር ይሰማል።

ፊቱ ላይ ያለው 3.5 ኢንች የንክኪ ስክሪን ያምራል፤ ከሶፋ ላይ ሆኖ ጽሑፉን ማንበብ ግን ያስቸግራል። ከዚህ የሚከብደው ኤርፕሌይ፣ ማለትም ከአይፎን ድምፅን ያለ ገመድ የሚልከው የአፕል ዘዴ፣ የሌለው መሆኑ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ አይፎን የሚይዝበት ቤት ይህን ሳያጤን እንዳይገዛ እመክራለሁ። ሰብዉፈርም ሸክላ ማጫወቻም ለሌለው ሰው ደግሞ ዋጋው አነስ የሚለውና ኤርፕሌይ ያለው ዊም ፕሮ ፕላስ ይበቃዋል፤ የክፍሉ እርማት እዚያም አለ።